ኤምአርአይ፣ ሲቲ፣ ፔት፦ ስለ ሕክምና ምስል ምርምር የጠየቃችሁን

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ያነሳሉ፤ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሕክምና ምስል፣ በተለምዶ ኢሜጂንግ በሚባለው ዘርፍ፣ ተመራማሪ መሆን። ኤምአርአይ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ፣ ሲቲ በኤክስሬይ፣ ፔት ደግሞ ሰውነት ውስጥ በሚገባ ራዲዮአክቲቭ ሞለኪውል የሰውነትን ውስጥ የሚያሳዩ መሣሪያዎች ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን ለባለሙያዎች አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዣለሁ። ስለ ባዮሜዲካል ኢሜጂንግ ሳነብ አንዱ ስለ ማግኔት፣ ሌላው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሌላው ደግሞ ስለ ካንሰር ያወራል። የሚያወሩት ስለ አንድ ሙያ ነው? ለእኔ የሚስማማኝስ የትኛው ነው?

መልስ፦ ስሙ አንድ ነው፤ ሥራው ግን ቢያንስ አምስት ነው። መሣሪያውን የሚሠሩ አሉ፤ ኮይል (ሲግናል የሚይዝ የሽቦ ጥቅል)፣ ዲቴክተር (ጨረር የሚይዝ ክፍል)፣ የአልትራሳውንድ ፕሮብ የሚነድፉ፣ ብየዳውም ሒሳቡም የእነሱ ነው። መሣሪያው መቼ ምን ዓይነት ሞገድ እንደሚልክና መቼ እንደሚያዳምጥ የሚወስኑ አሉ፤ በኤምአርአይ ቤት ይህ የትእዛዝ ቅደም ተከተል ሲኩዌንስ ይባላል። ከመሣሪያው የወጣውን ጥሬ መረጃ ወደ ምስል የሚለውጡ አሉ፤ ሥራቸው ሪኮንስትራክሽን ነው። ምስሉ ከተገኘ በኋላ ደግሞ የዕጢ መጠን፣ የደም ፍሰት፣ የአንጎል ሽፋን ውፍረት የሚለኩ ይመጣሉ። በመጨረሻም ቁጥሩን ይዘው «ይህ ለታማሚው ምን ማለት ነው?» ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ እነዚህ በአብዛኛው ሐኪሞች ናቸው። አምስቱንም የሚሠራ ሰው የለም። ሁለት አጎራባቾችን አጣምሮ የያዘ ሰው ግን ሥራ አያጣም።

ለፊዚክስ ምሩቅ ቅርብ የሆኑት ሲኩዌንስና ሪኮንስትራክሽን ናቸው። ዋናው ትግል ምን እንደሚመስል በአንድ ሒሳብ እናሳይ። አንድ ሐኪም መጥቶ «ምስሉ ደብዝዞብኛል፤ ቮክስሉን ከ2 ሚሊሜትር ወደ 1 ሚሊሜትር አውርዱልኝ» አለ እንበል። ቮክስል የምስሉ ትንሿ ኩብ ናት። ባለ 2 ሚሊሜትሯ ይዘቷ 8 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ነው፤ ባለ 1 ሚሊሜትሯ 1 ብቻ። ሲግናሉን የሚሰጠው በኩቧ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ስለሆነ ሲግናሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ኖይዙ (ምስሉን የሚያቆሽሸው ረብሻ) ግን አብሮ አይወርድም። የጎደለውን በጊዜ እናካክስ ቢባል፣ ከኖይዝ አንጻር ያለው ሲግናል የሚያድገው በጊዜው ስኩዌር ሩት ልክ ነውና 8 እጥፍ ለማግኘት 64 እጥፍ ጊዜ ይጠይቃል። 5 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ቅኝት 320 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። ያን ያህል ሳይነቃነቅ የሚተኛ ሰው የለም።

ይህን ሒሳብ የሚጋፈጡ ዘዴዎች የብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነዋል። በ1999 ሴንስ፣ በ2002 ግራፓ የተባሉት ዘዴዎች በብዙ ኮይሎች እየታገዙ ከመረጃው ከፊሉን ብቻ በመሰብሰብ ጊዜ ያሳጥራሉ፤ በ2007 ከጥቂት መረጃ ሙሉ ምስል የሚያወጣው ኮምፕረስድ ሴንሲንግ ወደ ኤምአርአይ ገባ። ነፃ ምሳ ግን አይደሉም። በሴንስ ወይም በግራፓ ቅኝቱን በ4 እጥፍ ያፋጠነ ሰው ከኖይዝ አንጻር ያለው ሲግናል ቢያንስ በግማሽ ይወርድበታል። ማግኔቱን ማጠንከርም አለ፤ ጥንካሬው የሚለካው በቴስላ ነው። የሃይድሮጅን ኒውክሊየስ በ1 ቴስላ 42.58 ሜጋኸርዝ ላይ ይዞራል፤ በ3 ቴስላ ወደ 128፣ በ7 ቴስላ ወደ 298 ሜጋኸርዝ ይደርሳል፤ ሲግናሉም አብሮ ያድጋል። ነገር ግን በ298 ሜጋኸርዝ ሞገዱ በሰውነት ውስጥ ስለሚያጥር እርስ በርሱ እየተጣረሰ የአንጎሉን መሀል አብርቶ ዳሩን ያጨልመዋል። እናም አዲስ ችግር፣ አዲስ የመመረቂያ ጽሑፍ።

ይህን ሲያነቡ «እንዲያውም እንዲህ ቢደረግስ?» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ቦታዎ እዚህ ነው። ዓይንዎ የቆመው «ሐኪሙ ምን ሊያይ ፈልጎ ነው?» የሚለው ላይ ከሆነ ወደ ልኬቱና ወደ በሽታው ጎራ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርሴን ልጨርስ ነው። ከኢንተርኔት ባወረድኳቸው የአንጎል ምስሎች ላይ «ዕጢ አለ፣ የለም» የሚል ሞዴል አሠልጥኜ 98.6 በመቶ ትክክል ሆነልኝ። ይህን ይዤ ለፒኤችዲ ባመለክት ይበቃል?

መልስ፦ ቁጥሩ ካማረ በኋላ ነው ሥራው የሚጀምረው። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅዎ «ማሠልጠኛውንና መፈተኛውን በምን ከፈልከው?» ብሎ ነው። አንድ የአንጎል ቅኝት 155 ስላይስ (ስስ የምስል ቁራጭ) ሊኖረው ይችላል። ስላይሶቹን በዘፈቀደ ከከፈሉ የአንዱ ታማሚ 80ኛ ስላይስ ማሠልጠኛው ውስጥ፣ 81ኛው መፈተኛው ውስጥ ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 1 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ሞዴሉ ዕጢን ሳይሆን ሰውየውን ሸምድዶ ይመጣል። መከፈል ያለበት በታማሚ ነው፤ አንድ ታማሚ ሦስት ጊዜ ከተነሣ ሦስቱም ቅኝቶቹ በአንድ ወገን ይውደቁ።

ቀጥሎ ምስሎቹ ከየት እንደመጡ ይመልከቱ። ዕጢ ያለባቸው ከአንድ ሆስፒታል፣ ጤነኞቹ ከሌላ ከሆኑ ሞዴሉ የተማረው የሆስፒታሎቹን ልዩነት ሊሆን ይችላል። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ምስል ላይ አንጎሉን በሙሉ በጥቁር ሸፍነው ጠርዙን ብቻ በመተው ሞዴሉን እንደገና ያሠልጥኑት። አሁንም 90 በመቶ ካመጣ ዕጢ አይቶ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

የፋይሉም ዓይነት ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ምስሎቹ የሲቲ ከሆኑና በጄፔግ ወይም በተራ ፒኤንጂ ካወረዷቸው ዋናው መረጃ አስቀድሞ ጠፍቷል። ሲቲ በሃውንስፊልድ መለኪያ ውሃን 0፣ አየርን ከዜሮ በታች 1000 ብሎ ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው ከ-1024 እስከ 3071 ባለው ክልል፣ በ4096 ደረጃዎች ነው። ይህን ወደ 256 ደረጃ ሲጨፈልቁት እያንዳንዷ ደረጃ 16 አሃድ ትውጣለች። በግራጫውና በነጩ የአንጎል ክፍል መካከል ያለው ልዩነት 10 አሃድ ገደማ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ቀለም ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። ዋናውን የዳይኮም (የሕክምና ምስል መደበኛ ዓይነት) ፋይል ይፈልጉ፤ ሲከፍቱትም ሄደሩ (የፋይሉ መግለጫ ክፍል) ላይ የተጻፉትን ማባዣና መደመሪያ ቁጥሮች ካልተጠቀሙ ያገኙት ቁጥር ሃውንስፊልድ አይደለም። ኤምአርአይ ደግሞ እንዲህ ያለ ቋሚ መለኪያ ጭራሽ የለውም፤ ዛሬ 400 ያለው ቮክስል በሌላ ማሽን 1100 ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ከማሠልጠንዎ በፊት እያንዳንዱን ቅኝት ወደ አንድ ሚዛን ማምጣት ግድ ነው።

ግራና ቀኝም አለ። ዳይኮም አቅጣጫን የሚቆጥረው ወደ ታማሚው ግራና ወደ ኋላ ነው፤ ኒፍቲ የተባለው ሌላው የፋይል ዓይነት ደግሞ ወደ ቀኝና ወደ ፊት። ሲቀይሩ ከተሳሳቱ ምስሉ በመስተዋት እንደታየ ይገለበጣል፤ አንጎል ደግሞ ሁለቱ ወገን ስለሚመሳሰል ማንም አያስተውልም። ጥንቁቅ ቤተ ሙከራዎች የቫይታሚን ኢ እንክብል በቀኝ ጆሮ ግንድ ላይ በፕላስተር ይለጥፋሉ። ዘይቱ በኤምአርአይ ላይ ደምቆ ስለሚታይ ምስሉ በየትኛውም ፕሮግራም ቢያልፍ ቀኙ የቱ እንደሆነ ይመሰክራል።

በመጨረሻ መለኪያው። «ትክክል በመቶኛ» በዚህ መስክ ብዙ አያስከብርም። ዕጢውን ማስመር ከሆነ ሥራው፣ ዳይስ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ የሁለቱ ክልሎች የጋራ ቦታ ሁለት እጥፍ ለድምራቸው ሲካፈል። እሱም ቢሆን ያታልላል። በየጎኑ 20 ቮክስል የሆነ ዕጢ በአንድ ቮክስል ተዛንፎ ቢሰመር ዳይሱ 0.95 ነው። በየጎኑ 2 ቮክስል የሆነች ትንሽ ዕጢ በዚያው በአንድ ቮክስል ብትዛነፍ 0.5 ይሆናል። ስህተቱ አንድ፣ ውጤቱ ሁለት።

እነዚህን ሁሉ ካስተካከሉ በኋላ ቁጥሩ ከ98.6 ወደ 84 ቢወርድ አይደንግጡ። ማመልከቻዎ ላይ 84ቱን ይጻፉ፤ ለምን እንደወረደም በአንድ አንቀጽ ያስረዱ። ያች አንቀጽ ከ98.6 ትበልጣለች።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ላይ እስከዚህም ነኝ። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ አይቁረጡ። ሊኒየር አልጀብራ፣ ፉሪየር ትራንስፎርም (ሲግናልን ወደ ድግግሞሾቹ የሚበትን ስሌት)፣ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ ከያዙ አብዛኛው ወረቀት ይነበባል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ በደንብ ለመማር ጊዜ ካለዎት ፉሪየርን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ራዲዮግራፈር ነኝ፤ በሲቲና በኤምአርአይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ምርምር ውስጥ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ቦታ አለ? ወይስ ከመጀመሪያ መማር አለብኝ?

መልስ፦ ቦታ አለ፤ የምርምር ራዲዮግራፈር የሚባል የሥራ መደብ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው። ፒኤችዲ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ የማያውቀውን እርስዎ ያውቁታል፤ ሰው ማሽን ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚፈራ፣ ጭንቅላት በየት በኩል ሲደገፍ እንደማይነቃነቅ፣ ከተቆጣጣሪው ክፍል «ደህና ነዎት?» የሚባለው መቼ እንደሆነ።

የሚለወጠው ልማድ ነው። በሆስፒታል ጥሩ ባለሙያ ማለት ምስሉ እንዲያምር ፕሮቶኮሉን ለታማሚው የሚያስተካክል ነው። በምርምር ይህ ጥፋት ሊሆን ይችላል። 12ኛዋ ተሳታፊ ላይ ስላይሱን ከ1 ሚሊሜትር ወደ 1.2 ካሰፉት፣ በእሷና በሌሎቹ መካከል የሚታየው ልዩነት የሕመሙ ይሁን የእርስዎ አይታወቅም። መለወጥ ግድ ከሆነ የተለወጠውን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን በዕለቱ መዝገብ ላይ ይጻፉ። የማሽኑ ሶፍትዌር የታደሰበት ቀንም እዚያው ይግባ፤ በጥናት መሀል ቁጥሮች ድንገት ሲዘሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ፋንተሙን (በሰው ምትክ የሚነሣውን መፈተሻ ዕቃ) በየሳምንቱ በአንድ ኮይል፣ በአንድ አቀማመጥ ያንሱት፤ ከማንሳትዎ በፊትም በክፍሉ ሙቀት ይቆይ፤ ቅዝቃዜና ሙቀት የቲ1 ልኬቱን (የሃይድሮጅኑ ማግኔትነት ወደ ቦታው የሚመለስበትን ጊዜ) ያዛባሉ።

ለመግቢያ የሚሆን ትንሽ ጥናት ከፈለጉ ይኸውልዎ። ፈቃድ ካገኙ በኋላ አሥር ጤነኛ ፈቃደኞችን ሁለት ሁለት ጊዜ ያንሱ፤ በሁለቱ መካከል ሰውየው ከአልጋው ወርዶ እንደገና ይተኛ። አንድ ልኬት፣ ለምሳሌ የጉበት ስብ መቶኛ፣ በሁለቱ መካከል ምን ያህል እንደሚለያይ ያስሉ። ከአልጋ ሳይወርዱ የሚደገም ልኬት የአቀማመጥን ስህተት ስለሚደብቅ ብዙ አይጠቅምም። እንዲህ ያለው ሥራ ባያስጨበጭብም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥናት ሁሉ ይፈልገዋል።

ደኅንነቱን ከማንም በላይ ቢያውቁትም በምርምር ቤት የሚጨመር አደጋ አለ፤ በቤት ውስጥ የተሠሩ ኮይሎችና ተጨማሪ ሽቦዎች። ሽቦ ተጠምዝዞ ቀለበት ከሠራ፣ ወይም እጅ ለእጅ፣ ጭን ለጭን ከተነካካ፣ የሬዲዮ ሞገዱ ጅረት ይፈጥርና ቆዳ ያቃጥላል። መላ ሰውነት የሚቀበለው ኃይል በመደበኛው ደረጃ በኪሎግራም 2 ዋት፣ በሕክምና ክትትል ሥር 4 ዋት ላይ ይገደባል፤ ማሽኑ ይህን የሚያሰላው ግን ስለሚያውቀው ኮይል እንጂ ትናንት ስለተበየደው አይደለም። ሌላው ኩዌንች ነው፤ ማግኔቱን የሚያቀዘቅዘው ሂሊየም ድንገት ሲተን። በ-269 ዲግሪ ያለ 1 ሊትር ፈሳሽ ሂሊየም ከ700 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል፤ ማስወጫው ከተዘጋ ክፍሉን ኦክስጅን ያሳጣዋል። ጎብኚ ተማሪ የሚበዛበት ቤት ነውና በሩን የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ይታወቅ።

መማሩን በተመለከተ፦ ትንሽ ፓይተን፣ የዳይኮም ሄደር አነባበብ፣ መሠረታዊ ስታቲስቲክስ። የማስተርሱ ነገር ቀስ ብሎ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ኬሚስት ነኝ። ምስል ከኬሚስትሪ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ፔት ያለ ኬሚስት ዋጋ የለውም። ማሽኑ የሚያየው ከሰውነት የሚወጡትን የ511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ ጨረሮች ብቻ ነው፤ ጨረሩ ከዕጢ ይምጣ ከኩላሊት የሚወስነው እናንተ የሠራችሁት ሞለኪውል ነው።

ሙያው ከሰዓት ጋር የሚደረግ እሽቅድምድም ነው። የካርቦን 11 ግማሽ ዕድሜ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሞለኪውሉን ለመሥራት 40 ደቂቃ ከፈጀባችሁ ከተነሳችሁበት ሩቡ ብቻ ቀረ። ስለዚህ ሳይክሎትሮኑ (ራዲዮአክቲቭ አተሙን የሚሠራው ማሽን) እዚያው ግቢ ካልሆነ ካርቦን 11 አይታሰብም። ፍሎሪን 18 ወደ 110 ደቂቃ ስላለው በመኪና ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ይቻላል። የጋሊየም 68 ግማሽ ዕድሜ ደግሞ 68 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሆኖም ሳይክሎትሮን የማይፈልግ ጄኔሬተር (ጋሊየሙን እዚያው የሚያመነጭ ዕቃ) አለው።

የፍሎሪን 18 ሥራ ሲበላሽ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ውሃ ነው። ፍሎራይዱ ከሳይክሎትሮን የሚመጣው በውሃ ውስጥ ነው፤ የውሃ ሞለኪውሎች ከከበቡት ደግሞ ከምንም ጋር አይዋሀድም። በአሴቶናይትራይል ደጋግሞ አትንኖ ማድረቅ የግድ ነው፤ ጠርሙሱ ክዳን ላይ አንድ ጠብታ ከቀረች ምርቱ ያሽቆለቁላል። ከዚያም የጥራት ፍተሻው ይከተላል፤ የራዲዮኬሚካል ንጽሕና ብዙ ጊዜ ከ95 በመቶ በላይ ይጠበቃል። ታማሚው አልጋ ላይ ተኝቶ እየጠበቀ ይህን ሁሉ መፈጸም የሚወድ ሰው በዚህ ሙያ ደስተኛ ይሆናል። ቀስ እያለ መሥራት የሚወድ ሌላ ይፈልግ።

ጥያቄ፦ ለ40 ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ልኬ አንድም አልመለሰልኝም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የላኩልንን ቅጂ አንብበነዋል። «በከበረ ቤተ ሙከራዎ ውስጥ ለመሥራት ያለኝ ጉጉት ከፍ ያለ ነው» ይላል፤ የፕሮፌሰሩን ስም ቢቀይሩት ለ41ኛውም ይሆናል። ተቀባዩም ይህን በሦስት ሰከንድ ውስጥ ያውቀዋል። ከ40 ይልቅ ለ6 ይላኩ፤ ለእያንዳንዱ ግን ከጽሑፎቹ አንዱን እስከ መጨረሻው አንብበው። የሚከተለው መልስ የማግኘት ዕድል አለው (ኤላስቶግራፊ የሰውነት ክፍል ምን ያህል እንደጠነከረ በሽር ሞገድ መለካት፣ ኬ ዌቭ ደግሞ የድምፅ ሞገድን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም ነው)፦

«ጤና ይስጥልኝ ፕሮፌሰር። በጉበት ኤላስቶግራፊ ላይ ያወጡትን ጽሑፍ አንብቤ አንድ ነገር ከነከነኝ። አራተኛው ሥዕል ላይ ከ6 ሴንቲሜትር ጥልቀት በኋላ ልኬቱ ይበተናል። በ5 ሜጋኸርዝ፣ በሴንቲሜትርና በሜጋኸርዝ 0.5 ዴሲቤል ቢዳከም፣ ደርሶ መልሱ 12 ሴንቲሜትር ስለሆነ 30 ዴሲቤል ይጠፋል፤ ኃይሉ ወደ አንድ ሺህኛ ይወርዳል ማለት ነው። ችግሩ ይህ ነው ወይስ የሽር ሞገዱ ራሱ ስለሚሞት? በኬ ዌቭ ሞክሬ ያገኘሁትን አንድ ገጽ አያይዣለሁ። በሚቀጥለው ዓመት የፒኤችዲ ቦታ ካለዎት ለማመልከት እፈልጋለሁ።»

ከ100 ቃል አይበልጥም፤ ስለ ላኪው ሕልም አያወራም፤ መልሱ «አዎ፣ ልክ ነህ» ወይም «አይ፣ ምክንያቱም...» ስለሆነ ለመመለስ ቀላል ነው። የትምህርት ማስረጃውን ከሁለት ገጽ ባልበለጠ አንድ ፋይል ያያይዙ። በሁለት ሳምንት ካልመለሱ አንድ ጊዜ ያስታውሷቸው፤ ከዚያ በኋላ ይተዉት።

ጥያቄ፦ አጠገቤ ስካነር የለም። ያለ መሣሪያ ምን ልማር እችላለሁ?

መልስ፦ ከሚያስቡት በላይ። ፋስት ኤምአርአይ የተባለው ስብስብ የጉልበትና የአንጎልን ጥሬ መረጃ የአጠቃቀም ፎርም ለሞላ ሁሉ ይሰጣል። ኦፕን ኒውሮ የአንጎል ቅኝቶችን፣ ዘ ካንሰር ኢሜጂንግ አርካይቭ የዕጢ ምስሎችን ይዘዋል። ለማየት ስሪዲ ስላይሰር፣ ለስሌት ሥራ ፓይተን የምስል ፋይል ከሚያነቡት ከኒባቤልና ከፓይዳይኮም ጋር ይበቃል፤ ሁሉም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ቦታ ግን ያዘጋጁ፤ 512 በ512 የሆነ 400 ስላይስ ያለው አንድ የሲቲ ቅኝት ሳይጨመቅ ወደ 210 ሜጋባይት ነው።

መጀመሪያ አንድ የጉልበት ፋይል ብቻ ይክፈቱ። የ15 ኮይል ጥሬ መረጃ ያገኛሉ። ለእያንዳንዱ ኮይል የፉሪየሩን ግልባጭ ያስሉ፣ መጠኑን ስኩዌር አድርገው ይደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን ይውሰዱ። ጉልበቱ በአራት ተቆርጦ ማዕዘኖቹ ከተቀያየሩብዎ መሀሉን ወደ ቦታው የሚመልሰውን ትእዛዝ ረስተዋል፤ ያልረሳው የለም። ምስሉ ከወጣ በኋላ ከአራት መስመር ሦስቱን ዜሮ ያድርጉና እንደገና ይሥሩት። አራት ጉልበት ተደራርቦ ይታያል። እነዚያን አራቱን መለየት ነው ከላይ የጠቀስነው ሴንስ የሚሠራው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ቢያነቡት እንደ ልብወለድ ይወርዳል፤ ከዚያ በፊት ግን አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ አንድ ወዳጄ የሆነ ሐኪም የ200 ታማሚዎችን ምስል በፍላሽ ሰጠኝ። ስማቸውን አጥፍቼ ለመመረቂያዬ ልጠቀምበት?

መልስ፦ አይሆንም። ፍላሹን ይመልሱ፤ ኮምፒውተርዎ ላይ ገልብጠው ከሆነም ያጥፉት። መጀመሪያ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ከዚያ ምስሉ። ፈቃድ ሳይኖር የተሠራ ጥናት በኋላ ተጠግኖ አይታተምም።

ስም ማጥፋቱም እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም። ከስሙ ሌላ የልደት ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ የቅኝት ሰዓት፣ የማሽኑ አምራች የሚጨምራቸው የግል መስኮች በሄደሩ ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። በአልትራሳውንድ ስሙ ምስሉ ላይ ራሱ ታትሞ ስለሚመጣ ሄደሩን ማጽዳት አይነካውም። ከጭንቅላት ኤምአርአይ ደግሞ ፊትን መልሶ መሥራት ይቻላል፤ አፍንጫውም ከንፈሩም ይወጣል። ለዚህ ነው የአንጎል ምስሎች ከመጋራታቸው በፊት የፊቱ ክፍል የሚቆረጠው። ከቆረጡ በኋላ ጥቂቶቹን በዓይን ይዩ፤ ፕሮግራሙ አንዳንዴ ከፊት ጋር የአንጎሉንም ጫፍ ይዞ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ከሁለት ቤተ ሙከራዎች የፒኤችዲ ቦታ አገኘሁ። በምን ልምረጥ?

መልስ፦ በስማቸው አይምረጡ፤ እነዚህን ይጠይቁ። የስካነሩን ሰዓት ማን ይከፍላል? በሳምንት ስንት ሰዓት ይደርሰኛል? ሆስፒታል ውስጥ ያለ ማሽን ከሆነ ታማሚ ሲበዛ የተማሪ ሰዓት መጀመሪያ ይሰረዛል። የሥነ ምግባሩ ፈቃድ በእጅ ነው ወይስ ሊጠየቅ ነው? ሊጠየቅ ከሆነ ወራት ይወስዳል። መረጃው ተሰብስቧል ወይስ እኔ ነኝ የምሰበስበው? «እንሰበስባለን» የሚል መልስ ካገኙ እስካሁን ስንት ተሳታፊ እንደተቀዳ ይጠይቁ።

ሲኩዌንስ መጻፍ ከፈለጉ ቤተ ሙከራው ከማሽኑ አምራች ጋር የምርምር ስምምነት እንዳለው ያረጋግጡ። ያለ ስምምነት የማሽኑን ውስጥ መንካት አይቻልም። ፐልሴክ የተባለው ክፍት ዘዴ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጎታል፤ ያም ቢሆን ማሽኑ ላይ የሚጫን ማስፈጸሚያ ይፈልጋል።

ከአማካሪው ይልቅ ከመጨረሻዎቹ አምስት ተመራቂዎች ጋር ቢነጋገሩ ይሻላል። ስንት ዓመት ፈጀባቸው? ስማቸው መጀመሪያ የሆነበት ስንት ጽሑፍ አወጡ? ያቋረጠ ሰው ካለ እሱንም ይፈልጉት።

ጥያቄ፦ ከፒኤችዲ በኋላስ? ፕሮፌሰር ካልሆንኩ የት እወድቃለሁ?

መልስ፦ አብዛኛው ሰው ፕሮፌሰር አይሆንም፤ አይወድቅምም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የኢሜጂንግ ማዕከሉን የሚያንቀሳቅስ ቋሚ ሳይንቲስት፣ የማዕከል ኃላፊ፣ የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ ይቀጥራል። የማሽን አምራቾች የራሳቸውን ሳይንቲስት በትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ መድኃኒት ፈታሾችም ከሙከራ ምስል የሚለካ ሰው ይፈልጋሉ። በሆስፒታል የሕክምና ፊዚሲስት መሆን ግን ሌላ መንገድ ነው። ፒኤችዲው ብቻውን አይበቃም፤ የተለየ የክሊኒክ ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ሐሳቡ ካለዎት በሁለተኛው ዓመት ላይ ሳሉ ያጣሩ።

ሥራ የሚገኘው በጉባኤ ላይ ነው፤ የኤምአርአይ ሰዎች በአይኤስኤምአርኤም፣ የምስል ትንተና ሰዎች በሚካይ ይሰበሰባሉ። ፖስተርዎን አንጠልጥለው ሲቆሙ ሰው ሁሉ ከርዕሱ ቀድሞ የሚያየው ሥዕሉን ነውና ሥዕሉ ላይ ሚዛኑን፣ አሃዱን፣ የተሳታፊውን ብዛትና ግራ ቀኙን መጻፍ አይርሱ።